ቢያንስና ቢበዛ፦ የመንዝ በግ ነጋዴ ስሌት

የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 ቀን በፊት፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም በኋላ እንዳይውል ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ተወስኖ የሚኖር ስለሆነ፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በግሼ ራቤል፣ ወይም በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ በግ የሚያረባና የሚነግድ ሰው ሁሉ፣ ሐሳበ ቊጥር ተማረም አልተማረም፣ የዓመቱን ታላቅ ገበያ የሚጠብቀው በሁለት ወሰኖች መካከል ነው። በዚሁ ስሌት መጥቅዕ የሚባለው የዓመቱ ቊጥር ከ14 ሲበልጥ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ መነሻ የሆነው በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል የሚለው የሊቃውንቱ ድንጋጌም በእኩልነት ላይ ሳይሆን በመብለጥና በማነስ ላይ የቆመ ነው፤ 14 ራሱ ከመጥቅዕ ቊጥሮች ውስጥ ስለማይገኝ በድንበሩ ላይ የሚያከራክር ዓመት የለም። ለመብለጥና ለማነስ ዛሬ በትምህርት ቤት የምንጽፋቸው ምልክቶች በማኅተም የወጡት እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪዮት ከሞተ በኋላ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1631 በታተመ መጽሐፉ ነው።

ይህን ማንሣቴ ለጌጥ አይደለም። ብዙዎቻችን የንግድን ሒሳብ የምናስበው «ስንት ይሆናል?» ብለን ሲሆን፣ ነጋዴው ግን ዘወትር የሚጨነቀው «ቢያንስ ስንት፣ ቢበዛስ ስንት?» እያለ ነውና፣ መስመራዊ ያለእኩልነት የሚባለው የአልጀብራ ትምህርት ከእኩልነት ይልቅ ለገበያ የቀረበ ይመስለኛል።

አንድ የመሐል ሜዳ ነጋዴ ላታቸው የወፈረ፣ ጠጕራቸው ለባናና ለበርኖስ የሚሆን የመንዝ በጎች የሥጋ ገበያ በሚቀዘቅዝበት በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰብስቦ ለፋሲካ ሊያደርስ ቢያስብ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ድርቆሹን ነው። ለምሳሌ ያህል 5,400 ኪሎ ድርቆሽ አለው፣ ለመንጋው በቀን 60 ኪሎ ያወጣል፣ ለእርሻ በሬዎቹም ከ1,800 ኪሎ ያላነሰ እንዲተርፍለት ይፈልጋል እንበል። ቀኑን ቀ ብንለው 5,400 − 60ቀ ≥ 1,800 ይሆናል። ከሁለቱም ወገን 5,400 ሲቀነስ −60ቀ ≥ −3,600 ይቀራል፤ ተማሪው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በአሉታዊ ቊጥር ሲካፈል ምልክቱ መገልበጥ አለበት፤ ምክንያቱም 5 ብር ያለው 3 ብር ካለው ይልቅ ባለጸጋ ሲሆን፣ 5 ብር ዕዳ ያለበት ግን 3 ብር ዕዳ ካለበት ይልቅ ድኻ ነው። ስለዚህ ቀ ≤ 60። ምልክቱን ሳይገለብጥ ቀ ≥ 60 ብሎ የጻፈ ሰው፣ መንጋው በቈየ ቊጥር ድርቆሹ ይበረክታል ማለቱ ነው፤ 70 ቀን ቢያስገባ የሚተርፈው 1,200 ኪሎ ብቻ መሆኑን አይቶ ወዲያው ይነቃ ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነውና ነጋዴያችን እስከ በዓሉ ይደርሳል።

ቀጥሎ ጭነቱ ይመጣል። አንዱን በግ በ7,000 ብር ገዝቶ ለእረኛ፣ ለደላላና ለቀረጥ 400 ብር ጨምሮበት፣ አዲስ አበባ ሾላ ገበያ በ8,200 ብር ይሸጠዋል እንበል። በታርማ በርና በደብረ ብርሃን አልፎ ለሚሄደው መኪና ኪራይና ለጫኝ 32,000 ብር ይከፍላል፤ ለድካሙም ከ10,000 ብር ያላነሰ ትርፍ ይሻል። የበጎቹን ቊጥር ሀ ካልነው 8,200ሀ − (7,400ሀ + 32,000) ≥ 10,000 ይሆናል። ቅንፉ ሲፈታ መቀነሱ ለ32,000ውም እንደሚደርስ ልብ ይሏል፤ ያን የዘነጋ ሰው ኪራዩን ከወጪ አውጥቶ ገቢ ያደርገዋል። ሲጠቃለል 800ሀ ≥ 42,000፣ ከዚያም ሀ ≥ 52.5 ይወጣል፤ ግማሽ በግ ስለማይጫን ቢያንስ 53 ማለት ነው። መኪናው ከ65 በላይ የማይጭን ከሆነ፣ ነጋዴው ከ53 እስከ 65 ባለው ሜዳ ውስጥ እንደ ልቡ ይመላለሳል።

ነገር ግን በበዓሉ ዋዜማ ከጎጃም፣ ከወሎና ከአርሲ ብዙ በግ ገብቶ ዋጋው በ200 ብር ብቻ ቢወርድ፣ ይኸውም ከመቶ 2 ተኩል እንኳ ባይሞላ፣ ከአንዱ በግ የሚገኘው 600 ብር ይሆንና ሀ ≥ 70 ይላል፤ መኪናው ደግሞ ሀ ≤ 65 ይላል። ሁለቱን የሚያስማማ ቊጥር የለም፤ መፍትሔው ባዶ ስብስብ ነው። ባዶ ስብስብ የስሌት ጕድለት የሚመስላቸው አሉ፤ ለእኔ ግን «በዚህ ዋጋ አትጫን» የሚል ግልጽ መልስ ነው፤ ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ ግን ለማንም አይጠቅምም።

ስለዚህ ነጋዴው ሳይጭን ጥያቄውን ገልብጦ፣ መኪናው ቢሞላ ዝቅተኛው ዋጋ ስንት ነው ብሎ ይጠይቅ። 42,000 ለ65 ሲካፈል 646 ብር ከጥቂት ሳንቲም ነውና፣ በ7,400 ላይ ሲደመር 8,047 ብር ይሆናል። ሾላ ላለው ሰው ስልክ ደውሎ ከዚህ በታች የሚባል ዋጋ ከሰማ ከፋሲካ በሳምንቱ እስከሚውለው ዳግማይ ትንሣኤ ልቈይ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ከጾሙ መግቢያ እስከዚያ 62 ቀን ስለሆነ ድርቆሹ ከፈቀደለት 60 ቀን ያልፋል፤ እንግዲህ ወይ ከበሬዎቹ ድርሻ 120 ኪሎ ይነካል፣ ወይም እዚያው መሐል ሜዳ ባገኘው ዋጋ ይሸጣል።