ለደጋ አየር የሚመረጥ ካምሻፍት

የቮልስ ሞተር ለእድሳት በወረደ ቁጥር አንድ ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም፤ «ከተፈታ አይቀር፣ ለምን ጉልበት ያለው ካምሻፍት አንገጥምለትም?» ሐሳቡ የሞኝ አይደለም። በዚህች መኪና ላይ ካምሻፍት መቀየር የሚቻለው ሞተሩ ወርዶ ብሎኩ ለሁለት ሲከፈል ብቻ ስለሆነ፣ አጋጣሚው በየዓመቱ አይገኝም። አሜሪካ ያለ ዘመድም በሻንጣው ጥግ አንድ ካም ይዞ ለመምጣት አይከብደውም። የሚከብደው የትኛውን ይዞ እንደሚመጣ መንገር ነው። የኔ መልስ ብዙ ሰው ላያስደስት ይችላል፤ አዲስ አበባ ለምትኖር ቮልስ ትንሹ ካም ይሻላል፣ አንዳንዴም ኦርጅናሉ።

ካምሻፍት ጉብታዎች የተቀረጹበት የብረት ዘንግ ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ጉብታው መግፊያ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ ሮከሩን፣ ሮከሩ ደግሞ ቫልቩን ይከፍታል፤ ጉብታው ሲያልፍ ሞላው ቫልቩን መልሶ ይዘጋል። ሞተሩ መቼና ምን ያህል እንደሚተነፍስ የሚወስነው እንግዲህ የእነዚህ ጉብታዎች ቅርጽ ነው። ቮልስ ላይ ሥራው በቁጠባ የተሠራ ነው፤ አራት ሲሊንደርና ስምንት ቫልቭ ላለው ሞተር የካሙ ጉብታዎች አራት ብቻ ናቸው። ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ተኝተው ስለሚተያዩ አንዱ ጉብታ መጀመሪያ የአንዱን ወገን፣ ዞር ብሎ ደግሞ የሌላኛውን ወገን ቫልቭ ያገለግላል። ካሙ የተኛው ከክራንክሻፍቱ ሥር፣ በሁለቱ የብሎክ ግማሾች መካከል ነው። የሚዞረውም ጥርስ ለጥርስ ተያይዞ ስለሆነ ሰንሰለት ላላ፣ ቀበቶ ተበጠሰ የሚባል ጣጣ የለበትም።

የፋብሪካው ካም ሰነፍ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ሆን ተብሎ ነው። 1,192 ሲሲው ሞተር 34 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ በ3,600 ዙር ነው፤ 1,584 ሲሲው፣ በተለምዶ 1600 የምንለው፣ 50 የፈረስ ጉልበት በ4,000 ዙር ይሰጣል። ከዚያ በላይ ነዳጅ ቢረገጥም ጠባቡ ካርቡራተር፣ ትናንሾቹ ቫልቮችና አጭር ጊዜ የሚከፍተው ካም ተባብረው ሞተሩን ያንቁታል። መኪናዋ በጀርመን አውራ ጎዳና ላይ ቀኑን ሙሉ እስከ መጨረሻው ተረግጣ ብትነዳም ሞተሩ ራሱን እንዳይጎዳ የታሰበ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ምርቱ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች የተሠሩት በዚሁ ጥንቁቅ አስተሳሰብ ነው። ካም የሚቀይር ሰው ይህን ጥበቃ እያነሳ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ካታሎግ ሲገለጥ ዓይን የሚስቡት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፤ ቫልቩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ፣ ይህም በክራንክሻፍት ዲግሪ የሚለካው፣ እና ቫልቩ ከመቀመጫው የሚነሳበት ከፍታ። ለቮልስ ካም በመሥራት ከታወቁት አንዱ የካሊፎርኒያው ኤንግል ነው። ደብልዩ 100 የተባለው ካሙ ቫልቩን ለ276 ዲግሪ፣ ደብልዩ 110 ለ284፣ ደብልዩ 120 ለ294 ከፍተው ያቆያሉ። በከፍታ ግን ሦስቱ እምብዛም አይራራቁም፤ በኦርጅናል ሮከር ሁሉም ቫልቩን 11 ሚሊሜትር ገደማ ያነሱታል፣ የፋብሪካው ካም ወደ 8.5 ሚሊሜትር ሲያነሳው። ስለዚህ በሦስቱ መካከል መምረጥ በዋናነት የጊዜ ምርጫ ነው። የአንዱን ሠሪ ቁጥር ከሌላው ጋር ሲያስተያዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዱ የሚቆጥረው ቫልቩ ገና ንቅንቅ ሲል ጀምሮ ነው፤ ሌላው ካሙ 1.27 ሚሊሜትር ካነሳ በኋላ ነው። ያው ደብልዩ 110 በሁለተኛው አለካክ 247 ዲግሪ ይሆናል። ይህን ያላየ ገዢ ኃይለኛውን ካም ለስላሳ መስሎት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ቫልቭ ረዘም ላለ ጊዜ ሲከፈት ጉልበት የሚጨምረው አየርና ቤንዚን ክብደት ስላላቸው ነው። በፍጥነት መግባት ከጀመሩ ፒስተኑ ስቦ ጨርሶ መመለስ ሲጀምር እንኳ በግስጋሴያቸው መግባታቸውን ይቀጥላሉ። የደብልዩ 110 ማስገቢያ ቫልቭ የሚዘጋው ፒስተኑ መመለስ ከጀመረ በኋላ ክራንክሻፍቱ 70 ዲግሪ ያህል ዞሮ ነው። አንበሳ አውቶቡስ ሰው በሚጋፋበት ሰዓት በሩን ትንሽ አዘግይቶ ቢዘጋ ተጨማሪ ተሳፋሪ ይገባለታል፤ የሚጋፋ በሌለበት በሩ ተከፍቶ ቢቆይ ግን ውስጥ ያለው ተገፍቶ ይወርዳል። ሞተሩም ከፍ ባለ ዙር ላይ ከዘገየው ቫልቭ ያተርፋል፣ ዝቅ ባለ ዙር ላይ የሳበውን መልሶ ይተፋል። ሌላም ነገር አለ። በደብልዩ 110 ላይ የማስገቢያው ጉብታ ጫፍ ከማስወጫው ጫፍ በካሙ ላይ 108 ዲግሪ ይርቃል፤ ከ284 ላይ 108 ሁለት ጊዜ ሲቀነስ 68 ይቀራል። ለ68 ዲግሪ ያህል ሁለቱም ቫልቮች አብረው ክፍት ናቸው ማለት ነው። በሚኒሞ ላይ የተቃጠለው ጭስ ወደ ማስገቢያው ይመለስና ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ያ የሚወደደው ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ይመጣል። ድምፁን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ማርሚታ መቀየር በጣም ይረክሳል።

አሁን ወደ አገራችን ከፍታ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ባሕር ዳርቻ 50 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው 1600 ሞተር እዚህ ወደ 38 ይወርዳል። ካም ደግሞ የሌለ አየር አያመጣም። ይልቁንም በዝቅተኛ ዙር ዘግይቶ የሚዘጋ ቫልቭ በስስ አየር ያገኘውን ጥቂት ድርሻ ከፊሉን መልሶ ያስወጣል።

የምንነዳበትን ዙር ማስላት ይህን ያጠናክራል። በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ቮልስ ሞተሯ እንደ ዲፈረንሻሉ ዓይነት ወደ 1,900 ዙር ላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ በ40 ስትወጣ ከ3,000 ትንሽ ያንሳል። 1300ው ሞተር ከፍተኛ የመጎተት ጉልበቱን የሚሰጠው በ2,000 ዙር ገደማ፣ 1600ው በ2,800 ገደማ ነው፤ የፋብሪካው ካም ማለት ለእንጦጦ ዳገት የተሠራ ይመስላል። ደብልዩ 110 ግን በደንብ መሥራት የሚጀምረው ሌላው መጎተቱን ጨርሶ ማርሽ በሚቀይርበት አካባቢ ነው። ለሰዓታት በ3,500 እና በ4,500 ዙር መካከል ለሚነዳ፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በፈጣን መንገድ ለሚሄድ ሰው ያ ካም ትክክል ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ከሚኒባስ ጋር ለሚጓዝ ሰው ግን ሆዱ የተራበ መኪና ነው የሚሆንበት።

ካም ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ ዘመዶቹን ያስከትላል። ኦርጅናሉ ነጠላ ሶሌክስ ካርቡራተር መሐል ላይ ተቀምጦ በረጅም ቱቦ ሁለቱንም ወገን ይመግባል። ቫልቮቹ ሲደራረቡ የሚመለሰው ንፋስ ያን የጋራ ቱቦ ያውከዋል፤ ስለዚህ ደብልዩ 110 የሚገጥም ሰው ብዙውን ጊዜ ለየወገኑ አንድ፣ ሁለት ካርቡራተር ይገጥማል። 90.5 ሚሊሜትር ፒስተን ጨምሮ ሞተሩን ወደ 1,776 ሲሲ ያሳድገዋል። ጠንከር ያለ የቫልቭ ሞላም ይፈልጋል፤ ኦርጅናሉ ሞላ በከፍተኛ ዙር ቫልቩን ከሮከሩ ጋር ማስኬድ ያቅተዋል። ኮምፕሬሽኑም ከ7.5 ከፍ ማለት አለበት፣ አለዚያ የዘገየው ቫልቭ ያወጣው አይተካም። እዚህ ደጋው አንድ ነገር ያግዘናል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን አዲስ አበባ ላይ ቤንዚኑን ቶሎ አያንኳኳም። ያው መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ ግን አየሩም ሙቀቱም ይጨምራል፣ ማንኳኳቱ እዚያ ይጀምራል፤ በአየር ለሚቀዘቅዝና የሙቀት መለኪያ ለሌለው ሞተር ደግሞ ይህ አደገኛ ነው።

ሞተሩ ገና ጤነኛ ሆኖ ብሎኩን መክፈት ለማያስፈልገው ሰው ሌላ መንገድ አለ። የ1300ና የ1600 ኦርጅናል ሮከር የካሙን ግፊት 1.1 እጥፍ አድርጎ ነው ወደ ቫልቩ የሚያደርሰው። በ1.25 ሮከር ቢተካ በዚያው በኦርጅናል ካም ቫልቩ ከ8.5 ወደ 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ይነሳል፤ ጊዜው እምብዛም አይለወጥምና በዝቅተኛ ዙር የነበረው ጉልበት አይሸሽም። ሥራው የቫልቭ ክዳኑን ከፍቶ የሚያልቅ ነው፣ ጥንቃቄ የሚፈልገው መግፊያ ዘንጉን በልክ ማስቆረጥና ሞላው ተጨምቆ እንዳይገጥም ማየት ነው። እኔ ብዙውን ሰው የምመክረው ይህን ነው። ትልቅ ካምና ትልቅ ሮከር ማደባለቅ ግን ጣጣ አለው። ደብልዩ 110 ካሙ ላይ ብቻ ወደ 10 ሚሊሜትር ይገፋል፤ 1.4 ሮከር ከተጨመረበት ቫልቩ 14 ሚሊሜትር ሊነሳ ነው፤ ለዚያ ያልተዘጋጀ ቴስታታና ሞላ አይችለውም።

ካም መቀየሩ ከተወሰነ ደብልዩ 100 ወይም ከእሱ የለሰለሰ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአገጣጠም ጉዳይ ነው። የካሙ ጥርስ ጀርባ ላይ 0፣ +1፣ −1 የመሳሰሉ ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ጥርሱ ከክራንክሻፍቱ ጥርስ ጋር ያለውን መላላትና መጥበቅ የሚያመለክቱ ናቸው፣ አሮጌ ብሎክ ላይ በእጅ ዞሮ መፈተሽ አለበት። ሲገጠም በካሙ ጥርስ ላይ ያለው አንድ ነጥብ በክራንክሻፍቱ ጥርስ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል ይገባል። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው የካሙ ጫፍ ስለሆነ ፓምፑ ከአዲሱ ጥርስ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ካልሆነ የካሙ ብሎኖች ፓምፑን ይመቱታል። በጉብታው ላይ የሚንሸራተቱት መግፊያዎች ደግሞ አዲስ ይሁኑ። አሮጌ መግፊያ ከአሮጌው ጉብታ ጋር ተላምዶ ስለተበላ አዲሱን ካም ይፍቀዋል፤ በዚህ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ መጨረሻው ኪሳራ ነው።

የመጀመሪያው ማስነሳት ብዙ ካም ያበላሻል። ጉብታዎቹ ወፍራም የመገጣጠሚያ ቅባት ይቀባሉ፣ ካርቡራተሩና ካንዴላው አስቀድመው ይስተካከላሉ፤ ሞተሩ እንደተነሳ ሚኒሞ ላይ ሳይተው ለ20 ደቂቃ ያህል በ2,000 ዙር አካባቢ ይቆያል፣ ምክንያቱም ጉብታና መግፊያ የሚለማመዱት ዘይት በብዛት በሚረጭበት ዙር ነው። ለዘመናዊ መኪና የሚሠሩ ዘይቶች የጭስ ማጣሪያውን እንዳይጎዱ ዚንክና ፎስፈረሳቸው ተቀንሷል፤ እንዲህ ያለውን ጠፍጣፋ መግፊያ ከመበላት የሚጠብቁት ግን እነዚያው ናቸው፣ ስለዚህ ለአሮጌ ሞተር የተዘጋጀ ዚንክ የበዛበት ዘይት ይፈለግ። ከዚያ ዘይቱ ትኩስ እንዳለ ይወርዳል። ኦርጅናሉ ቮልስ የዘይት ፊልትሮ የለውም፣ ሥሩ ላይ ያለችው የሽቦ ወንፊት ብቻ ናት፤ ወንፊቷ ተፈታ በነጭ ጨርቅ ላይ ትራገፍ። ትንሽ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው። የሚያብለጨልጭ ማግኔት የሚስበው ብረት ከታየ ግን ቫልቮቹ ይለኩ፤ አንዱ ክፍተት ከሌሎቹ በልጦ ከተገኘ ካሙ እየተበላ ነው፣ ብሎኩም እንደገና ይከፈታል።