መደቡ ከፍ ብሏል፤ አፈሩስ?

ተጂ ያለበት የበቾ ሜዳ በክረምት ሲረገጥ ጭቃው ከጫማ ጋር ተጣብቆ ይነሳል፤ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ አፈር ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ይበዛበታል። ይህ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ዝናብ ሲበረታ ውሃው በተክሉ ሥር ዙሪያ ይተኛና አየር ያሳጣዋል። ሥሩ ሲታፈን ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ባለቤቱም ማዳበሪያ አንሶት ነው ብሎ ዩሪያ ይበትናል።

ለዚህ ችግር መደብን ከፍ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ጥቁር አፈሩን በእጁ እየከመረ ሰፊ መደብና ቦይ ሲያወጣ ኖሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ኢልካ (የዛሬው ኢልሪ) ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ በማጣመር በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠራ፤ የግብርና ባለሙያዎች ቢቢኤም ይሉታል።

መደብ ግን የሚፈታው የውሃውን ጉዳይ ብቻ ነው። በሰበታና በቡራዩ ጓሮዎች ምርት የሚያሳጣው ብዙውን ጊዜ ውስጡ የተሞላው ነገር ይመስለኛል። ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ የወጣ አፈር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከታች የመጣ ስለሆነ ብስባሽም ሕይወትም የለውም ማለት ይቻላል። እንዲለሰልስ ተብሎ ከእንጨት ቤት የመጣ ትኩስ ሰጋቱራ ሲቀላቀልበት ደግሞ ይብሳል። ሰጋቱራ ካርቦኑ እጅግ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ግን ኢምንት ነው። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ቆስጣውና ጎመኑ ይራባሉ። መጀመሪያ የሚገረጡት የታችኞቹ፣ ያረጁት ቅጠሎች ናቸው፤ ተክሉ ናይትሮጅኑን ከእነሱ አንስቶ ለአዲሱ እምቡጥ ስለሚልክ ነው። ሰጋቱራ ያለው ሰው ከፍግና ከወጥ ቤት ተረፈ ምርት ጋር ከምሮ፣ እያገላበጠ ቢያበሰብሰው ይሻላል። ጥሩ ክምር ከውስጡ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ቀዝቅዞ፣ ጠቁሮ፣ የጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል። ኩበት ሆኖ ምድጃ የሚገባው እበትም እኮ ለመሬቱ የሚገባ ምግብ ነበር።

ሱሉልታ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ዝናብ ያጠበው ቀይ አፈር ኮምጣጣ ይሆናል። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያቀጭጫል፤ ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ይታሰራል። ብዙ ማዳበሪያ ተገዝቶ ትንሽ ካሮት የሚነቀለው አንዳንዴ በዚህ ነው። ለእርሻ የተዘጋጀ ኖራ ወይም በመጠኑ የተነሰነሰ የእንጨት አመድ ኮምጣጣነቱን ያረግባል። ሱሉልታ የጠቀመውን አመድ ተጂ ወስዶ መበተን ግን ስህተት ነው፤ የዚያ ጥቁር አፈር ከመነሻው ወደ ገለልተኛው የቀረበ ስለሆነ አመድ ሲበዛበት ዚንክና ብረት ለተክሉ የማይደርሱ ይሆናሉ። ጎረቤት የመከረውን ሁሉ የሚሞክር ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ መደብ የምትሠሩ ሰዎች፣ አፈር በሲኖትራክ ከማዘዛችሁ በፊት ከየት እንደተቆፈረና ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደወጣ ጠይቁ፤ ኖራ ወይም አመድ ከመጨመራችሁ በፊትም ፒኤቹን አስለኩ።