ጎመንና ሰናፍጭ የሕዋሳትን ዘብ እንዴት ይቀሰቅሳሉ?

በወቅቱ ያልተወለወለ ጠመንጃ በአየርና በእርጥበት እንደሚዝግ ማንኛውም ወታደር ያውቃል። የሰው አካልም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አደጋ አለበት። ሕዋሳት ምግብን በኦክሲጅን አማካይነት ወደ ኃይል በሚለውጡበት ጊዜ ያልተረጋጉ የኦክሲጅን ውላጆች ይፈጠራሉ። የሲጋራና የማገዶ ጢስ ሲጨመርበት መጠናቸው ከልክ አልፎ የሕዋሱን ስብ፣ ፕሮቲንና የዘር ቅንጣት ይጎዳሉ።

ይሁን እንጂ ሕዋስ ያለ ዘብ አልተተወም። በውስጡ ኤንአርኤፍ-2 የሚባል ፕሮቲን ይገኛል። በደኅናው ጊዜ ኪፕ-1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይዞት እንዲፈርስ ያደርገዋል። አደጋ ሲደርስ ግን የኪፕ-1 መያዣ ይላላል፤ ኤንአርኤፍ-2 ወደ ሕዋሱ አስኳል፣ ማለትም ወደ ጠቅላይ መምሪያው ገብቶ፣ መርዝ አምካኝ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲመረቱ ትእዛዝ ያስተላልፋል።

ይህን ዘብ ከሚቀሰቅሱት የተፈጥሮ ቅመሞች አንዱ ሰልፎራፌን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ የነበሩት ፖል ታላላይና ባልደረቦቻቸው የጎመን ዘመድ ከሆነው ከብሮኮሊ ለይተው አወጡት። የሐበሻ ጎመንና ሰናፍጭም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ፣ የሰልፎራፌን የቅርብ ዘመድ የሆነ ቅመም ያፈልቃሉ።

ባለሙያ የቤት እመቤት ምስጢሩን በአፍንጫዋ ታውቀዋለች። ደረቅ የሰናፍጭ ፍሬ አይሸትም፤ ተፈጭቶ በውኃ ሲለወስ ግን ዓይን ያስነባል። ተክሉ ለየብቻ ያስቀመጣቸው ኢንዛይምና ጥሬ ቅመም የሚገናኙት ያን ጊዜ ነውና። ጎመን ሲከተፍም ይኸው ይሆናል። ረጅም መቀቀል ግን ኢንዛይሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ ጎመኑን አጥቦ መክተፍ፣ ጥቂት ጊዜ አቆይቶ በአጭር ጊዜ ማብሰል፣ ከእሳት ከወረደም በኋላ አዲስ የተፈጨ ሰናፍጭ ጣል ማድረግ ይበጃል። በተቀቀለ ብሮኮሊ ላይ የሰናፍጭ ዱቄት ሲጨመር የሰልፎራፌኑ መጠን ከፍ እንደሚል በምርምር ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ በቻይና ቺዶንግ አካባቢ 291 ሰዎች ተካፍለው፣ ከፊሎቹ ለ12 ሳምንታት የብሮኮሊ ቡቃያ መጠጥ ጠጥተዋል። ቤንዝን የተባለው የአየር መርዝ ቅሪት በሽንታቸው የሚወጣበት መጠን ካልጠጡት በ61 በመቶ በልጦ ተገኝቷል።

ይህ ማለት ግን ጎመን የሚበላ ወታደር ሲጋራ ቢያጨስ አይጎዳም ማለት አይደለም። በፊንላንድ 29,133 አጫሾች በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ጥናት፣ ለጤና ይበጃል የተባለ የቤታ ካሮቲን እንክብል በየቀኑ የዋጡት ካልዋጡት ይልቅ የሳንባ ነቀርሳ በ18 በመቶ በዝቶባቸዋል። እንክብል የገበታን ቦታ አይተካም፤ ጎመንም የሐኪምን ቦታ አይተካም።

በመሆኑም ባል ሲጋራውን ይተው፤ ለማድ ቤቱም የጢስ መውጫ ያብጅለት። ጠላትን በገዛ እጅ በር ከፍተው እያስገቡ ዘብን መቀስቀስ ከንቱ ድካም ነውና።