ፈገግ ስል ያሾፍኩባት መሰላት!

እናንተዬ፣ ሰው ከገዛ ፊቱ ጋር ይጣላል? እኔ ተጣልቻለሁ። ያውም ልቤ የወደዳትን ልጅ በማገኝበት ሳምንት!

ነገሩ የጀመረው ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ነው። በግራ በኩል መስኮቱ ስር ተቀምጫለሁ። ሙቀቱና የሰዉ ትንፋሽ ቢያፍነኝ መስኮቱን ገርበብ አደረኩት። ወዲያው ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ልጄ ዝጋው፣ ብርድ ይመታሃል፣ ፊትህ ይጣመማል!» አሉ። ረዳቱም አገዛቸው። መቼም የአገራችን ሰው አውቶቡስ ውስጥ ከነፋስ ይልቅ መታፈን ይሻለዋል። እኔ ግን አስራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴን ላሳይ ፈልጌ «እማማ፣ ነፋስ ፊት አያጣምምም» ብዬ ሶዶ መናኸሪያ እስክንገባ ከፍቼው መጣሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት የጠጣሁት ቡና በግራ አፌ ጥግ አምልጦ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። መስታወት ፊት ቆምኩ። ግንባሬን ልቋጥር ብል በቀኝ ብቻ ተቋጠረ። ዓይኔን ልጨፍን ብል የግራው ገርበብ ብሎ ቀረ። ላፏጭ ብል አየሩ በጎን አመለጠ። አከራዬ ሲያዩኝ «ኢየሱስ! ምን ሆንክ ልጄ?» አሉና ብርድ ነው ብለው ፈረዱ። ጎረቤት ምች ነው አለ። አንዱ ዘመዴማ «ጋኔን በጥፊ መትቶህ ነው» ብሎ ቁጭ! ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና ጠጣሁ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጠንኩ። ሐኪም ዘንድ ሂድ ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩትም።

እሁድ ከልጅቷ ጋር ቀጠሮ ነበረን። ባንክ ቤት ነው የምትሰራው። ካፌ ውስጥ የታመመውን ጎኔን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ጉንጬን በእጄ ደግፌ ተቀመጥኩ። ዝውውር ወደ ሀዋሳ እንደመጣላት ነገረችኝና «ልሂድ ወይስ ልቅር? አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ ስንት ወር የጠበቅኩት ጥያቄ ነው! ደስ ብሎኝ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬ ግን በቀኝ በኩል ብቻ ወጣ። ግማሽ ፈገግታ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ማሽሟጠጥ ነው። «እኔ የምሬን ነው፣ አንተ ታሾፋለህ?» ብላ ማኪያቶዋን ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች። ተከትዬ እንዳልነግራት አፈርኩ።

ሐኪም ቤት የሄድኩት በአምስተኛው ቀን፣ ዓይኔ ደም መስሎ አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁረኝ ነው። ሐኪሙ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ግንባሬን አስቋጠረኝ፣ ጥርሴን አስገለፈጠኝ፣ ጆሮዬን በባትሪ አየ። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ጭንቅላት ሳለልኝ።

ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉን። አንደኛው የቡናውን ሽታ ያመጣልናል፣ ሁለተኛው ያሳየናል፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ዓይናችንን ያዞራሉ። ስምንተኛው ለመስማትና ሚዛን ለመጠበቅ ነው። ዘጠነኛው ለመዋጥ ያግዛል፤ አስረኛው ደግሞ ልብና ሆድ ድረስ ስለሚወርድ በላቲን «ዟሪው» ተብሏል። አስራ ሁለተኛው የምላስ አንቀሳቃሽ ነው፤ ሐሜተኛ ሁሉ ባለውለታው ነው። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻውን የሚሰብቀው በአስራ አንደኛው ነርቭ እርዳታ ነው። የእኛ የዎላይታ ጭፈራ ወገብ ላይ ስለሆነ ግን ለዚያ የሚሰሩት ከአከርካሪ የሚወጡት ናቸው።

የእኔ ጠብ ከሰባተኛው ጋር ነው። ይህ ነርቭ ከአንጎል ግንድ ተነስቶ ከጆሮ አካባቢ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ ይሽሎከለካል። ከጆሮ ስር ወጥቶ እንደ እጅ ጣት በአምስት ይከፈልና ወደ ግንባር፣ ዓይን፣ ጉንጭ፣ አገጭና አንገት ይሄዳል። የምንስቀውም፣ የምንኮሳተረውም፣ ዓይን የምንጣቀሰውም በእሱ ነው። ቦዩ አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። ነርቩ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና እዚያው ይታነቃል። ብዙ ሐኪሞች እብጠቱን የሚያመጣው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ፣ ከንፈር ላይ ቁስል የሚያወጣው ዓይነት ቫይረስ ሲቀሰቀስ ነው ብለው ያስባሉ። ነፋስ ለመሆኑ የተረጋገጠ ነገር የለም። በመስኮቱ ክርክር ረትቻለሁ ማለት ነው፤ ግን በዚህ ፊት ማን ያምነኛል?

ስሙ ቤልስ ፓልሲ ይባላል። ቻርልስ ቤል የሚባለው ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በ1821 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነርቭ ስለጻፈ ነው። ሰውየው ሥዕልም ያውቅ ነበርና በ1806 እ.ኤ.አ. ፊት ስሜትን እንዴት እንደሚገልጽ ለሰዓሊዎች የሚሆን መጽሐፍ አሳትሟል። በሽታው አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው የፋርሱ ሐኪም አል ራዚም ጽፎበታል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሰሞን የባጃጅ ጡሩምባ በግራ ጆሮዬ እንደ መድፍ ይጮህብኝ ነበር። ለካስ ጆሮ ውስጥ ድምፅ ሲበዛ የሚገታ ቅንጣት ጡንቻ አለች፤ እሷም የሰባተኛው ነርቭ ሠራተኛ ናት! የፊተኛው ምላስ ጣዕምም በእሱ በኩል ያልፋል። አከራዬ ሙችዋ ሠርተው ሲያቀርቡልኝ በግራ ምላሴ ምንም አልጣመኝም። ዳጣው ግን አንገበገበኝ። ሐኪሙን ብጠይቀው ሳቀና «የዳጣ ማቃጠል ጣዕም አይደለም፣ ሕመም ነው። እሱን የሚያደርሰው አምስተኛው ነርቭ ነው» አለኝ። ዕድሜ ልካችንን ስናጣጥም የኖርነው ሕመም ነው እንግዲህ!

አሁን ልብ በሉልኝ። ፊታችሁ በድንገት ቢጣመም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወርቅ ናቸው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚረዳው በእነዚህ 72 ሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ ነው። እኔ በዳማከሴ አሳለፍኳቸው። ዳማከሴን አልጠላም፤ ግን ሐኪም ቤት እየሄዳችሁ አሽቱት። መድኃኒቱንም ከፋርማሲ በራሳችሁ እንዳትገዙ፤ ስኳር ያለበትን ሰው ስኳሩን ይሰቅልበታል። ሐኪሙ ስለ ስኳር፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ሴት ከሆናችሁ ስለ እርግዝና ቢጠይቃችሁ አትቆጡ፤ ሁሉም ከዚህ ችግር ጋር ይገናኛሉ። ጆሮ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከታየ አልማዝ ባለጭራ ነርቩን ይዞት ሊሆን ይችላልና ሕክምናው ይለያል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ስትሮክ ነው። አፍ ተጣሞ ግንባር ግን በሁለቱም በኩል የሚቋጠር ከሆነ፣ ወይም እጅ ከዛለ፣ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ችግሩ አንጎል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቀን አይቆጠርም፤ በሰዓቱ ወደ ሐኪም ቤት! ለመለየት ብላችሁ ደግሞ መስታወት ፊት አትቁሙ፤ እሱን ለሐኪሙ ተዉት።

ዓይንንም አደራ። የማይጨፈን ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፤ ሊጠፋም ይችላል። ቀን የሰው ሠራሽ እንባ ጠብታ፣ ሌሊት ቅባትና ዓይን የሚዘጋ ፕላስተር ታዞልኝ ነበር። ብዙ ሰው ይድናል፤ ከአስር ሰባቱ ያህል ያለ መድኃኒትም ሙሉ በሙሉ ይመለሳሉ። እኔ ግን ከሦስቱ ነኝ።

ለልጅቷ በመጨረሻ ፎቶዬን ላኩላት፤ ፕላስተር የለጠፍኩበትን፣ አፌ የተንጋደደበትን። ስር «ያን ቀን ያሾፈው ነርቬ ነው፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ማታውኑ መጣች። ፕላስተሩን አስተካክላ የለጠፈችልኝ እሷ ናት። ሀዋሳ ግን ሄደች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።

የተጎዳ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ይመለሳል ይባላል። የእኔም ሲመለስ መንገድ ተሳሳተ። ወደ ምራቅ ዕጢ መሄድ የነበረበት ክር ወደ እንባ ዕጢ ገባ። ከሰባት ወር በኋላ ቁርጥ ቤት ተቀምጠን የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳላምጥ በግራ ዓይኔ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ጎን ያሉት ሰዎች አፍጥጠው አዩን፤ እንዳስለቀሰችኝ ነው የገመቱት።

«አሁን ደግሞ ምን አደረኩህ?» አለችና ሶፍት አቀበለችኝ።