ስለ ጥቃቅን የእንጨት ሥራ መሣሪያዎች አመራረጥ

ከጨፋ ሮቢት የተላከ

ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስባቸው ሸቀጦች የብዙ ሰው ዐይን ስለሚያርፍባቸው ጉድለታቸው ፈጥኖ ይታያል። ጥቃቅኖቹ ግን፤ ይኸውም መሮ፣ መላጊያ፣ ሞረድና እነዚህን የመሳሰሉት፤ በካርቶን መጥተው በካርቶን ስለሚሸጡ ከፍቶ የሚመረምራቸው ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለክቡራን አስመጪዎችና ባለሱቆች ለመግለጽ የምወደው ባለፈው ዓመት በምሠራበት ሱቅ የደረሰውንና ከእርሱም የተገኘውን ትምህርት ነው።

አሠሪዬ ሐጂ በጨፋ ሮቢት የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ እኔም የደብዳቤና የሒሳብ ጸሐፊያቸው ነኝ። በአንድ የረቡዕ ገበያ ቀን ከከሚሴ የመጣ አናጢ ወደ ሱቃችን ገባ። ይህ ሰው ክራርና ማሲንቆ እየሠራ፣ የተጎዱ ጊታሮችንም እየጠገነ የሚተዳደር ነው። ወሎ ባቲንና አምባሰልን ለቅኝት ስም የሰጠች አገር ስለሆነች እንዲህ ያለ ባለሙያ በመካከላችን መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። አናጢው ከሁለት ሳምንት በፊት አሥራ ሁለት መሮ የያዘ ሳጥን ከእኛ ገዝቶ ነበርና ያንኑ ሳጥን በብብቱ ይዞ ተመለሰ።

«ሐጂ፣ ይህ ብረት እንጨት አይቆርጥም፤ እንጨቱ ነው ብረቱን የቆረጠው» አላቸው።

መሮዎቹን አውጥተን ስንመለከት ስለታቸው እንደ ቆርቆሮ ተጣጥፏል። ከዚህም የከፋው ነገር፣ የሰው ጊታር በመጠገን ላይ ሳለ የደነዘዘው መሮ አንሸራትቶት የጊታሩን ፊት ስለ ሰነጠቀው ለባለቤቱ ካሣ ለመክፈል መገደዱ ነው። ሐጂም ሳይከራከሩ የሳጥኑን ዋጋ መለሱለት፤ የካሣውንም እኩሌታ ከኪሳቸው ከፈሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለሞተ ሰው ብቻ አይደለምና።

ለመሆኑ የጊታር ጥገና ይህን ያህል ጥሩ መሣሪያ የሚጠይቀው ስለ ምንድን ነው? የጊታር ፊት ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሚሊሜትር የማይበልጥ ስስ ሳንቃ ነው። የብረት ክሮቹ ተወጥረው ሲቃኙ በአንድነት 70 ኪሎ ግራም በሚያህል ኀይል ይስቡታል። ሳንቃው ይህን ጫና ችሎ የሚቆየው ከበስተ ውስጡ በኮላ በተጣበቁ ቀጫጭን የርብራብ እንጨቶች ተደግፎ ነው። የእስፓኙ ሊቅ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (ከ1817 እስከ 1892 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ርብራቡን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ በመሥራቱ ስመ ጥር ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ ከ1840ዎቹ ጀምሮ በማርቲን ጊታሮች ላይ በመስቀለኛ የተጣለ ርብራብ ታየ፤ ዛሬም የብረት ክር ያላቸው ጊታሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ርብራቡ ከመጠን በላይ ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል፤ ከመጠን በላይ ከሳሳ ሳንቃው ይጎብጣል። ስለዚህ ባለሙያው በጣቱ እያንኳኳና እያዳመጠ፣ ከእያንዳንዱ እንጨት ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ እያነሳ ይቀርጻል። በተለይ እንደ ጨፋ ባለ ሞቃት አገር፣ በበጋው ድርቀት እንጨት እየጠበበ ኮላውም እየለቀቀ ስለሚሄድ፣ ርብራብ መልሶ የማጣበቅና አዲስ የመቅረጽ ሥራ በየጊዜው ይኖራል።

አናጢውን በእርግጥ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ስንጠይቀው የነገረን ዝርዝር አጭር ነበር፤ ወርዱ 6 ሚሊሜትር የሆነ አንድ መሮ፣ ወርዱ 12 ሚሊሜትር የሆነ ሌላ መሮ፣ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መላጊያ፣ አንድ ስለታም ቢላዋ፣ ሻካራና ለስላሳ ገጽ ያለው መሳያ ድንጋይ፣ በመጨረሻም ኮላው እስኪደርቅ ድረስ የሚያጣብቁ ጥቂት ትናንሽ ሞርሳዎች። ከዚህ የምንረዳው፣ አሥራ ሁለት መሮ በአንድ ሳጥን ለሚገዛ ሰው አሥሩ ያለ ሥራ እንደሚቀመጡ ነው። ሁለት ጥሩ መሮ በነጠላ መሸጥ ለገዥውም ለሻጩም ይበጃል። መሮ የሚሸጥ ሱቅ መሳያ ድንጋይም ሊኖረው ይገባል፤ ያለ እርሱ ጥሩው መሮ ከመጥፎው ጋር እኩል ይሆናልና።

የመሣሪያውን ጥራት ለማወቅ ትልቅ ዕውቀት አያስፈልግም። ባለሱቅ ሁሉ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ምርመራዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ አዲስ ሞረድ በመሮው ስለት አጠገብ ቀስ ብሎ መሳብ። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ከነከሰውና ከፋቀው ግን ለስላሳ ነው፤ ስለት አይይዝም።

ሁለተኛ፤ የመሮውን ጀርባ በመስተዋት ላይ አስተኝቶ በብርሃን ፊት ማየት። በሥሩ ብርሃን ካሳለፈ ጠማማ ነው፤ ርብራብን ከሳንቃው ጋር አስተካክሎ ሊቆርጥ አይችልም።

ሦስተኛ፤ የእጀታውን ቀጥተኛነትና የብረት ቀለበቱን ጥብቀት መመልከት።

አራተኛ፤ ከስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም ቢታይ መጠርጠር። በሞረዳ ጊዜ ከመጠን በላይ የጋለ ብረት እንዲህ ያለ ቀለም ያወጣል፤ ጥንካሬውንም ያጣል።

አምስተኛ፤ የመላጊያውን ሆድ እንደ መሮው በመስተዋት ላይ መፈተን፤ ምላጩም ሲጠብቅ የማይነቃነቅ መሆኑን ማረጋገጥ።

እነዚህን ያስተማረን ያው አናጢ ነው። በመደርደሪያችን ላይ የቀሩትን አሥራ አንድ ሳጥኖች ብንመረምር አንዱም የሞረዱን ፈተና አላለፈም።

ስለዚህ ጉዳይ ዕቃውን ለሸጠልን የአዲስ አበባ አስመጪ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጣው መልስ፣ ባንኩ ሰነዶቹን ተመልክቶ ገንዘቡን ለውጭ አገሩ ሻጭ አስቀድሞ ስለ ከፈለ የሚመለስ ነገር የለም የሚል ነበር። መልሱ ቢያሳዝነንም ሐሰት አልነበረበትም። ከ2007 ሐምሌ (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ፣ ቁጥር 600፣ ባንኮች የሚመለከታቸው ሰነድ እንጂ ዕቃው እንዳልሆነ በአምስተኛው አንቀጽ ይደነግጋል። ሰነዱ «መሮ፣ አሥራ ሁለት በሳጥን» ካለና ሳጥኑ ውስጥ በእርግጥ አሥራ ሁለት መሮ ካለ፣ ብረቱ ለስላሳ መሆኑ ባንኩን አያገባውም።

እንግዲህ አስመጪው ራሱን ሊጠብቅ የሚችለው ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ከመከፈቱ በፊት ነው። የብረቱን ዓይነትና የጥንካሬውን ልክ፤ ለመሮ በሮክዌል መለኪያ ከ58 እስከ 62 ያለው የተለመደ ነው፤ በጽሑፍ ያስገባ፤ ገለልተኛ መርማሪ የሚሰጠው የምስክር ወረቀትም ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ያዝዝ። ባለሱቁ ደግሞ በካርቶን ከመግዛቱ በፊት አንድ ናሙና ወስዶ ይፈትን፤ ናሙናውን በፊርማ አሽጎ ያስቀምጥ፤ ጉድለት ቢገኝ ዕቃው የሚመለስበትን ቀን በደረሰኙ ላይ ያስጽፍ።

የውጭው ዕቃ ብቻ ነው ጥሩ ለማለትም አይቻልም። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ ብረት እንደገና መሣሪያ ይሆናል። ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ፣ ግሎ በዘይት ከተነከረ በኋላ በልኩ የለዘበ መሮ ስለት ይይዛል። ሐጂም ከእንግዲህ የአገር ቀጥቃጭን ሥራ ከውጭው ጎን አስቀምጠው፣ ሁለቱንም በሞረድ እየፈተኑ ይሸጣሉ።

አሥራ አንዱ ሳጥኖችስ ምን ሆኑ? «የቀለም ጣሳ መክፈቻና ልስን መፋቂያ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ከገዛንበት ባነሰ ዋጋ ተሸጡ። በሒሳብ መዝገቤ ላይ ኪሣራ ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን አናጢው ዛሬም በየረቡዑ ይመጣል፤ ብቻውንም አይመጣም፤ ሌሎች ባለሙያዎችን እያስከተለ ነው። ይህን የትርፍ ዓይነት የምጽፍበት ዓምድ በመዝገቤ ላይ የለኝም፤ ቢሆንም ነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ በልባቸው እንዲመዘግቡት በትሕትና አሳስባለሁ።