አንድ ነጥብ ስድስት አምስት፦ የማረሚያ ቤት ፖሊስ ጡረታ

ስለ መምህራንና ስለ ጤና ባለሙያዎች ጡረታ ብዙ ይወራል። የማረሚያ ቤት ፖሊስ ግን ሌሊት ማማ ላይ ቆሞ ሲያድር የሚያስበው፣ ጡረታ ሲወጣም የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የጡረታ ሕጉ ግን አልረሳውም፤ ከሲቪል ሠራተኛ በተሻለ መደብ አስቀምጦታል።

መሠረቱን በአጭሩ ልበል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ተጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ወጣለት፤ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 714፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267 ተሻሻለ። የጡረታ ፈንዱ ሀገር አቀፍ ነው። በክልል ተቀጥሮ የሚሠራ የማረሚያ ቤት ፖሊስና አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል ባልደረባው የሚጦሩት በአንድ ሕግ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መዋጮው ላይ ነው። መካነ ኢየሱስ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ አንጋፋ ሳጅን የደመወዝ ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ «ያው የቆረጡብኝን መልሰው ይሰጡኛል» አሉኝ። «የለም ጋሼ» አልኳቸው። «ከ100 ብር ደመወዝ ከእርስዎ የሚቆረጠው 7 ብር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ 25 ብር ይጨምርበታል። ለሲቪል ሠራተኛ የሚጨመረው 11 ብር ብቻ ነው።» ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩት፤ 25ቱ እዚያ ላይ ስለማይጻፍ ዓይን አይገባም።

የምወዳት ቁጥር ግን ከዚህ ቀጥላ ትመጣለች። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው በዕድሜ ጡረታ ሲወጣ የመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ እስከዚህ ሲቪሉም ፖሊሱም እኩል ናቸው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለፖሊሱ 1.65 በመቶ ይጨመራል። በወር 40 ሣንቲም ከ100 ብር ላይ የምትመስል ልዩነት ናት፤ ሲቆይ ግን ትከመራለች። 30 ዓመት ያገለገለ ሲቪል 55 በመቶ ሲደርስ፣ ፖሊሱ 63 በመቶ ይደርሳል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ከሆነ አንዱ 5,500፣ ሌላው 6,300 ብር በየወሩ ያገኛል። ጣሪያው ለሁለቱም 70 በመቶ ነው፤ ሲቪሉ እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት ይፈጅበታል፣ ፖሊሱ ግን ከ34 ዓመት ትንሽ ሲያልፍ ይደርሳል። ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ይህ ይገባዋል እላለሁ፤ ቢበዛለትም አልቃወምም። እዚያው ግቢ ውስጥ የሚሠሩት የሒሳብ፣ የትምህርትና የሕክምና ሠራተኞች ግን በሲቪል ስሌት ነው የሚታሰብላቸው፤ ይህን ሳይለዩ የሚቆጡ አጋጥመውኛል።

ከሲቪል መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ፖሊስ የሆነ ሰው የቀድሞ አገልግሎቱ ይደመርለታል። ታዲያ የቀድሞውን የአገልግሎት ማስረጃ ሳያመጣ ዓመታት ዝም ብሎ የሚኖር ሰው ምን ይባላል? ማስረጃው በእጅ እስካለ ድረስ አሁኑኑ ማኅደር ውስጥ ይግባ። ዕድሜም ሲቀጠሩ በሞሉት ቅጽ ላይ የተጻፈው ነው የሚያዘው፤ ጡረታ ሲቃረብ የሚመጣ የልደት ወረቀት አያድንም። በክርስትና ስም እዚህ፣ በዓለም ስም እዚያ መመዝገብም ጣጣ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የቤተሰብ ቅጹን ባዶ የሚተዉት ናቸው። ጡረተኛው ሲሞት ሚስቱ የአበሉን 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ኋላ የተወለደ ልጅ ካልተጨመረ፣ ወይም የፈረሰ ጋብቻ ሳይሰረዝ ከቀረ፣ ሚስትየዋ ከነልጆቿ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ትንከራተታለች። ቅጹን ለማሟላት የሰው ኃይል ክፍል ሄዶ ማኅደር ማስወጣት ይበቃል፤ ልጅ በተወለደ ቁጥርም ደግሞ መሄድ ነው።