በማሳጅ ሙያ ደንበኛን ማፍራትና ማቆየት፦ ሥራ ለጀመሩና ለመጀመር ላሰቡ ባለሙያዎች የቀረበ ማብራሪያ

የማሳጅ አገልግሎት በአገራችን ከተሞች ጎልቶ እየታየ የመጣ የሥራ መስክ ነው። በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር የሚገኙ ሆቴሎችና የመዝናኛ ሥፍራዎች አገልግሎቱን ይሰጣሉ፤ በውበት ሳሎን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ወይም የራሳቸውን ቤት ከፍተው የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ። ሥራው በመሠረቱ ለኅብረተሰቡ እንግዳ አይደለም። ወለም ያለውን እግር ለወጌሻ ማሳየት፣ ሕፃንን በቅቤ ማሸት፣ ሰውነት ሲደክም ፍል ውሃ መውረድ የቆዩ ልማዶች ናቸው። አዲሱ ነገር አገልግሎቱ ጊዜ ተወስኖለት፣ ዋጋ ወጥቶለት፣ በንግድ ፈቃድ የሚሰጥ ሙያ መሆኑ ነው።

ሥልጠናቸውን አጠናቀው ሥራ የጀመሩ ባለሙያዎች ከሚገጥሟቸው ችግሮች ቀዳሚው የደንበኛ እጥረት ነው። በመጀመሪያው ወር ዘመድና ጓደኛ ይመጣል፤ በሁለተኛው ወር ስልኩ ዝም ይላል። በዚህን ጊዜ አብዛኛው ባለሙያ ወደ ሁለት መፍትሔዎች ይሄዳል፦ ዋጋ መቀነስ ወይም ማስታወቂያ ማብዛት። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ ወደዚያ ከመሄድ በፊት ምን ያህል ደንበኛ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማስላት ተገቢ ነው።

አንድ ባለሙያ በቀን አራት ሰው፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢያስተናግድ በሳምንት 20 ሰው ያስተናግዳል። ከዚህ በላይ መሥራት የሚቻል ቢመስልም ሥራው የጉልበት ሥራ በመሆኑ አውራ ጣት፣ የእጅ አንጓ፣ ትከሻና ወገብ ቆይተው ዋጋ ያስከፍላሉ። ደንበኞቹ በየሁለት ሳምንቱ የሚመጡ ቢሆኑ እነዚህን 20 ቦታዎች ለመሙላት የሚያስፈልጉት 40 ቋሚ ደንበኞች ብቻ ናቸው። በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጡ ከሆነ ቁጥሩ ከ80 ትንሽ ያልፋል። ሒሳቡን ከሌላው ጎን ማየትም ይቻላል። በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣ አንድ ሰው በዓመት 26 ጊዜ ይመጣል፤ ስለዚህ እርሱ ሲቀር የሚታጣው የ26 ቀጠሮ ክፍያ ነው። የባለሙያው ዋነኛ ጥያቄ መሆን ያለበት እንግዲህ ሺህ ሰው እንዴት ይወቀኝ የሚለው ሳይሆን አንድ ጊዜ የመጣው ሰው ለምን አልተመለሰም የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ያልተደሰተ ደንበኛ ቅሬታውን እምብዛም አይናገርም። ይሉኝታ ይይዘዋል። ጫናው በዝቶበት ጥርሱን ነክሶ የቆየ ሰው እንኳ ሲወጣ «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይሰናበታል፤ ዳግመኛም አይታይም። «ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ የዚህ ጥያቄ መልስ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ነው። የሚሻለው ሥራው እየተካሄደ ሳለ ምርጫ ያለው ጥያቄ ማቅረብ ነው፦ «ላጥብቀው ወይስ ላላላው?»፣ «ትከሻው ላይ ልቆይ ወይስ ወደ ወገብ ልውረድ?» እንዲህ የተጠየቀ ሰው ይሉኝታውን ሳይጥስ የሚፈልገውን መናገር ይችላል። ባለሙያው በተቻለ መጠን ከራሱ ወሬ ተቆጥቦ፣ ደንበኛው ዝምታ ከፈለገ ዝም ማለትም ይጠበቅበታል።

ደንበኛ የሚቆየው ወይም የሚሸሸው በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን፣ ያውም ማሸት ከመጀመሩ በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች ነው ማለት ይቻላል። በእነዚህ ደቂቃዎች ባለሙያው ሰውዬው ምን እንደሚሠራ፣ የሚያመው የት እንደሆነ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም፣ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና ወይም ለቅባት የሚቆጣ ቆዳ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሾፌር፣ በስፌት መኪና ላይ አቀርቅራ የምትውል ልብስ ሰፊና ኮምፒዩተር ላይ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ ሦስቱም «ጀርባዬን አመመኝ» ይላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ግን አንድ ዓይነት እጅ አይደለም። ለሁሉም አንድ ዓይነት የ60 ደቂቃ ቅደም ተከተል የሚደግም ባለሙያ ደንበኛው እንዳልተደመጠ እንዲሰማው ያደርጋል።

ጥያቄው ሌላም ጥቅም አለው። አንዳንድ ሰው በዚያ ቀን መታሸት የሌለበት ሊሆን ይችላል። ከረጅም ጉዞ፣ ከቀዶ ሕክምና፣ ከወሊድ ወይም ለብዙ ቀናት ከአልጋ ላይ ከመዋል በኋላ አንደኛው ባቱ ያበጠበት፣ የሚሞቀውና የሚያመው ሰው በእግሩ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ይህን እግር ማሸት የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ እንዲሄድ ሊያደርግ ስለሚችል ለሕይወት የሚያሰጋ ስሕተት ነው። የወገብ ሕመም ከእግር መደንዘዝና መዛል ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካቃተ፣ ሰውዬው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ትኩሳት ያለበት፣ ቆዳው የቆሰለ ወይም የተመረዘ፣ ስብራት የሚጠረጠርበት ሰውም እንዲሁ ወደ ጤና ተቋም ይላካል። በስኳር ሕመም ምክንያት የእግሩ ስሜት የቀነሰ ሰው ጫና ሲበዛበት ላይሰማው ስለሚችል ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ ነፍሰ ጡር እናት ደግሞ አስቀድማ የጤና ባለሙያዋን ማማከር ይኖርባታል።

«ዛሬ አላሽዎትም፤ አስቀድመው ሐኪም ይዩ» ማለት የዕለቱን ክፍያ ያሳጣል። ኪራይ በቀረበበት ሳምንት ይህን ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል። የተመለሰው ሰው ሊቀየምም ይችላል። ይሁን እንጂ ታክሞ ሲመለስ፣ ወይም ለቤተሰቡ ሲያወራ፣ ለገንዘብ ሲል ያላሸውን ሰው ስም ይዞ ይመለሳል። ከዚህ በተቃራኒ «ዲስክ እናድናለን»፣ «ስኳርና ግፊት እናጠፋለን» የሚል ጽሑፍ በር ላይ መለጠፍ ደንበኛን ለጊዜው ቢስብም አደገኛ ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያም በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው። ማሳጅ የጡንቻ ውጥረትን ለማላላት፣ ድካምን ለማቅለልና ዕረፍት ለመስጠት ይረዳል፤ ይህም ደንበኛን ለማምጣት በቂ ምክንያት ነው።

በዚህ ሙያ ብዙ ጊዜ በግልጽ የማይነገር አንድ ጉዳይ አለ። «ማሳጅ» የሚለውን ስም ለሌላ ዓላማ ሽፋን የሚያደርጉ ቤቶች በመኖራቸው ሙያቸውን አክብረው የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ተገቢ ያልሆነ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ስልክ ደውሎ «ሌላ አገልግሎት አለ?» ለሚል ሰው «የምንሰጠው የማሳጅ አገልግሎት ብቻ ነው» ብሎ ንግግሩን ማብቃት እንጂ በሳቅ ማለፍ አይመከርም። በሳቅ የታለፈው ሰው ቀጠሮ ይዞ ይመጣል፤ ወሬውም ወደ ሰፈር ይወጣል። የ40ውን ቦታ የሚሞሉት ደግሞ እናቶች፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ስፖርተኞችና አረጋውያን ናቸው፤ እነርሱ ስሙ በተጠረጠረ ቤት ደጅ አይቆሙም።

ጥርጣሬን የሚያስወግደው አሠራሩ ነው። ደንበኛው ልብሱን ሲያወልቅ ባለሙያው ከክፍሉ ይወጣል፤ ሲመለስም በር ያንኳኳል። ሰውነት በአንሶላ ወይም በፎጣ ተሸፍኖ ይቆያል፤ የሚገለጠው በዚያ ሰዓት የሚታሸው ክፍል ብቻ ነው። ሆድ ወይም ጭን ከመንካት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል፤ እምቢ ካለም ምክንያት አይጠየቅም። ልብሱን ሳያወልቅ መታሸት የሚፈልግ፣ ወይም ከራሱ ጋር አንድ ጾታ የሆነ ባለሙያ የሚመርጥ ደንበኛ ጥያቄው ያለ ማንገራገር ሊስተናገድ ይገባል። ይህ ለብዙ ሴት ደንበኞች የመምጣትና ያለመምጣት ጉዳይ ነው። ደንበኛው ከሥነ ምግባር ውጭ ከሆነ ደግሞ ባለሙያዋ ሥራውን አቁማ ከክፍሉ የመውጣት መብት አላት፤ ክፍያ መፈጸሙ ይህን መብት አያስቀርም። «ደንበኛ ነው፣ ቻይው» የሚል የቤት ባለቤት ደንበኛውን ያቆየ ቢመስለውም ባለሙያውን ያጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን የሚከለክል መሆኑን አሠሪዎች ሊያውቁ ይገባል።

ማስታወቂያን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የሚወስደው ጊዜ፣ ዋጋው፣ አድራሻውና የሥራ ሰዓቱ በግልጽ ቢጻፍ፣ ከባለሙያዋ መልክ ይልቅ የክፍሉ ንጽሕና በፎቶግራፍ ቢታይ ይበቃል። በአቅራቢያ ካሉ የስፖርት ማዘውተሪያዎች፣ የፊዚዮቴራፒ ክፍሎችና የውበት ሳሎኖች ጋር መተዋወቅ ከብዙ ማስታወቂያ የተሻለ ደንበኛ ያመጣል። የመክፈቻ ሰሞን ዋጋን በግማሽ መቀነስ ግን አይመከርም፤ በግማሽ ዋጋ የመጣ ሰው ሙሉው ዋጋ እንደ ጭማሪ ይታየዋል። ከዚያ ይልቅ ዋጋውን ሳይነኩ ለቋሚ ደንበኛ በየአሥረኛው ጊዜ ደቂቃ መጨመር ይሻላል።

የቀጠሮ ሰዓት ትንሽ ነገር ቢመስልም ደንበኛ ያሳጣል። ከውጭ ከመጡ እንግዶች ወይም ከዳያስፖራ ደንበኞች ጋር ቀጠሮ ሲያዝ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ያለው ባለሙያና ከጠዋቱ 10 ሰዓት የመሰለው እንግዳ በስድስት ሰዓት ይተላለፋሉ። የዓመቱን ዙር ማወቅም ይጠቅማል። በጾም ወራት ቅባቱ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ደንበኛ ስለሚኖር ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ዘይት ማዘጋጀት፣ በረመዳን የማታ ሰዓት መክፈት፣ በኅዳር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲደርስ ለሯጮች ቦታ ማስቀረት፣ በጥር የሠርግ ወቅት ሙሽሮችና ሚዜዎች እንደሚመጡ ማሰብ ከዚህ ይመደባሉ።

ደንበኛው ከሄደ በኋላ የተነገረውን መመዝገብ ያስፈልጋል። «ግራ ትከሻ፤ ጠንካራ ጫና አይወድም፤ የሰሊጥ ዘይት አይስማማውም» የሚል አንድ መስመር በሚቀጥለው ጊዜ ደንበኛው እንደ አዲስ እንዳይጠየቅ ያደርጋል። ይህ መዝገብ የጤና መረጃ የያዘ በመሆኑ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መካከል መድቦታል። ማን እንደመጣና ምን እንዳመመው ለሌላ ደንበኛ ማውራት ሁለቱንም ያስቀራል፤ የሚሰማው ሰው ነገ ስለ እርሱም እንደሚወራ ይገባዋልና። ለአንድ ወር ከመንፈቅ ያልታየ ደንበኛን በአንድ አጭር የስልክ መልእክት ስለ ደኅንነቱ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልስ ካልመጣ መደጋገም አያስፈልግም።

በመጨረሻም ማንኛውም ሰው የንግድ ሥራ ለመሥራት የጸና የንግድ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ተደንግጓል። ባለሙያዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በማውጣት፣ ለሥራ መደቡ የሚጠየቅ የብቃት ማረጋገጫ መኖር አለመኖሩን በሚሠሩበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት በመጠየቅ ፈቃዳቸውን ሊያወጡ ይገባል። ፈቃዱንና የሥልጠና ምስክር ወረቀቱን ደንበኛው ሲገባ በሚያየው ቦታ መስቀል፣ ለእያንዳንዱ ክፍያም ደረሰኝ መስጠት ያስፈልጋል። አገልግሎት ፈላጊዎችም ወደ አንድ ቤት ሲሄዱ እነዚህን ሰነዶች ለማየት መጠየቅ ይችላሉ።